ባሕር ዳር በወርኃ ጽጌ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ የሚኖሩት አጎቴ የትንሣኤን በዓል ከእኛ ጋር ለማሳለፍ ወደ ባሕር ዳር መጥተው ነበር። በዓሉ በዋለ በማግስቱ፣ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ሲያዩት የኖሩትን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በዓይናቸው ለማየት ጓጉተው በማለዳ ተነሡ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ተጉዘን፣ ገደሉን ወርደንና ወጥተን ከማያው ቦታ ስንደርስ የጠበቀን ግን ጥቁር የድንጋይ ግድግዳና በአንድ ጥጉ የሚወርድ ቀጭን የውኃ ክር ነበር። አጎቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ ጢሱስ የት አለ?" አሉኝ። "መብራት ሆኗል፣ ጋሼ" ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ "ባሕር ዳርን መቼ ልይ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ባለው ጊዜ ኑ። አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ እንደሆነ አውቃለሁ። የጥምቀትን ድምቀት ማንም አይክደውም፤ ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ውኃዋ ሲሞላና መስኳ ሲያብብ የምታሳየው መልክ በጥርም በሚያዝያም የሚገኝ አይደለም።

ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ይህን የአበባ ጊዜ "ፀደይ" እንለዋለን። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ሲሆን፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ገበሬው ዝናብ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አጎቴ የመጡት በትክክለኛው ፀደይ ነበር ማለት ነው፤ የከፈሉትም ዋጋ የስሙ ነው። እኔ የምናገረው ግን በመፀው መጀመሪያ ስለሚገኙት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሚቆጠሩት አርባ የጽጌ ቀናትና ከእነርሱ ቀደም ስላሉት ጥቂት ሳምንታት ነው።

የዚህ ወቅት ምሥጢር ያለው በውኃው አቆጣጠር ውስጥ ነው። ክረምቱን ሙሉ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ጣና ሲገብሩ ይቆዩና የሐይቁ ከፍታ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ በሰኔ አካባቢ ነው። ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውኃ ጨራ ጨራ በተባለው ቦታ በተሠራው ግድብ በኩል ይመጠናል። ፏፏቴው አጠገብ ካሉት የኃይል ማመንጫዎች ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የወንዙ ውኃ በብዛት ወደ ቦዩ ገባ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። እንግዲህ በበጋ ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣ ሰው ከኤሌክትሪክ የተረፈውን ነው የሚያየው። በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት ግን ለሁሉም የሚበቃ ውኃ አለ፤ አርባ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ከፍታ የሚወረወረው ጎርፍ የሚረጨው ጉም ከሩቅ ይታያል፣ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣም ቀስተ ደመና ይሠራል።

ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ ሰው በማለዳ ቢነሣ፣ የጫማውም ሶል የሚይዝ ቢሆን ይሻለዋል፤ በመስከረም መንገዱ ገና ጭቃ ነው። መውረጃው ላይ የሚገኘው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውና "የፖርቱጋሎች ድልድይ" በመባል የሚታወቀው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም ሰውና ከብት ያሻግራል። ብዙ ጎብኚ ወደ ፏፏቴው ስለሚቸኩል እንደ ተራ መሸጋገሪያ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከላዩ ቆሞ ዓባይ በዚያች ጠባብ የድንጋይ ጉሮሮ እንዴት ተጨናንቆ እንደሚያልፍ ማየት ከፏፏቴው የማይተናነስ ትርኢት ይመስለኛል። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ የሚመለስ አቋራጭ መንገድም አለ፤ ውኃው ሲበዛ ጀልባው ሊቆም ስለሚችል ግን ጠይቆ መወሰን ይገባል። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለውን ተረት በቃል ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ወቅት ግንዱን ራሱን ሲንከባለል ያየዋል።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቢጫ ሁሉ አደይ አበባ አይደለም። አደይ በራሷ ፈቃድ በየዳገቱና በየድንበሩ የምትበቅል፣ መስከረም ሲጠባ ብቅ ብላ ጥቅምት ሳያልቅ የምትረግፍ ናት። በጥቅምት ሜዳውን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነው ቢጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ የገበሬው ኑግ ነው። ከከተማ የሚመጡ ዘመዶቼ በኑግ ማሳ ውስጥ ገብተው "አደይ አበባ" እያሉ ፎቶ ሲነሡ የማሳው ባለቤት ፈገግ ብሎ ያያቸዋል፤ ዘይቱን የሚያስበው እርሱ ብቻ ነው። ንቦች ግን ሁለቱንም ስለማይንቁ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር የሚቆረጠው አዲስ ማር ከዚህ ጉዞ ይዘውት ከሚመለሱት ስጦታ ሁሉ የተሻለው ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ ልለፍ። በመስከረም ጣናን ሰማያዊ ሆኖ አገኘዋለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ያዝናል፤ ወንዞቹ ያመጡት ደለል ገና ስላልሰከነ ውኃው ቡናማ ነው። ለዚህ መፍትሔ የለውም፤ ነገር ግን ማለዳ ጭጋጉ ከውኃው ላይ ሲነሣ፣ ከደንገል የታሰረች ታንኳ ድምፅ ሳታሰማ ስታልፍ ቀለሙን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ከጠዋት በኋላ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ስለሚያነሣ፣ በጀልባ መሄድ የሚፈልግ ሰው ከረፋዱ በፊት ደርሶ ነፋሱ ሳይጠነክር ቢመለስ ይመከራል። ዋጋውን፣ የሚቆሙባቸውን ገዳማትና የመመለሻውን ሰዓት ከመሳፈር በፊት ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ያስፈልጋል። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ተሳፍሬ በሐይቁ መካከል "የነዳጅ ተጨማሪ" ተጠይቄአለሁ፤ በውኃ ተከብቦ የሚከራከር ሰው ደግሞ አሸንፎ አያውቅም።

ጣና 37 ደሴቶች አሉት ይባላል፤ ለአንድ ቀን እንግዳ ግን ዘጌ ይበቃዋል። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ቦታውን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር አዝዘዋል። ገበሬ ያላረሰው መሬት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሂድ፤ ከጀልባ ወርዶ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ከትልልቅ ዛፎች ሥር በበቀለ የቡና ጫካ መካከል ያልፋል፣ በጥቅምትም የቡናው ፍሬ መቅላት ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ የመቅደሱ ግድግዳ ዘንድ ሲደርሱ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቶ ይገኛል። አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ያስኬዳሉ፤ እኔ የምመክረው ግን አንድ ታሪክ መርጦ መቆምን ነው። የእኔ ምርጫ በላዔ ሰብ ነው፤ ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው ለተጠማ ድኃ በእመቤታችን ስም ባጠጣው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ሲያጋድልለት የሚታይበት ሥዕል። በዙሪያው ሁሉ ውኃ በሆነበት ቦታ ስለ አንድ ጥርኝ ውኃ የሚናገር ሥዕል ማየት የተለየ ስሜት አለው።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት መሆናቸውን ከቤተሰብ ጋር የሚመጡ ሰዎች አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው፤ እናቱን ጀልባ ላይ ትቶ የሚገባ ልጅ ፊት አያምርም። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን መድቦ ደቅ ደሴት ድረስ ይዝለቅ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ የምትገኘው በዚያ ነው።

በሐይቁ ላይ የሚያዩትን አበባ ሁሉ ግን አያድንቁ። በተለይ በሰሜናዊና በምሥራቃዊው ዳርቻ እንደ ሊላ ምንጣፍ ተዘርግቶ ለፎቶ የሚጋብዘው እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው ይህ አረም ክረምቱ ባመጣለት ምግብ ደልቦ በዚሁ በእኛ የአበባ ወቅት ይስፋፋል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን እንዳይጥል፣ ከብቱም ውኃ እንዳይጠጣ ይከለክላል። አንዲት እንግዳዬ "እንዴት ያምራል!" ስትል ጀልባ ነጂው ፊቱን ማዞሩ አይረሳኝም።

ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር የሚያድር እንግዳ ካለኝ የማስቀርበት ነገር የለም። በጽጌ ወቅት ከቅዳሜ ሌሊት ጀምሮ እስከ እሑድ ንጋት በየአድባራቱ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ የእመቤታችንና የልጇ ስደት በአበባ እየተመሰለ ይዜማል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉን በዝግታ ጀምረው ወደ ንጋት ከበሮው ሲፈጥን ለማየት መንፈቀ ሌሊት ላይ መነሣት ያስፈልጋል። ነጠላ መልበስ፣ ጫማ ማውለቅ፣ በወንድና በሴት ቦታ ለይቶ መቆም የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ፎቶ ለማንሣት ግን ማስፈቀድ ይገባል። ሌሊቱ ይበርዳል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ለዚህ ብርድ ነው፤ የጽጌን ጾም የሚጾም ሰው ከሆነ ግን አጥንቱ ይቀርና ጋቢው ይበቃዋል።

ከተማይቱ ራሷ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። በዘምባባ ጥላ ሥር በእግር ይሄዱባታል፤ አመሻሽ ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተው ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ሲጠማዘዝ ያያሉ፤ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይም ከነዋሪው ጋር ይናፈሳሉ። ዕድል ከቀናቸው ከወንዙ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ጆሮዋን ብቅ ታደርጋለች። በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት የመስከረም በረከት ነው። ዓሣ የሚበላ ሰው በሐይቁ ዳርቻ ቀረሶ ጥብስ ይዘዝ፤ ከድልህና ከሎሚ ጋር በእጅ ሲበላ ነው የሚጥመው፤ ሹካ የሚጠይቅ እንግዳ ግማሹን ሥጋ ከአጥንቱ ጋር ትቶት ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር ወቅቱ የራሱ ዕዳ አለው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት ወባ የሚበረታባቸው ናቸው፤ ስለዚህ አጎበር ያለው ማደሪያ መምረጥ፣ ማታ እጅጌ ረጅም ልብስ መልበስና ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢሰማ ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል። ሐይቁ ውስጥ መዋኘትም በቢልሃርዚያ ምክንያት አይመከርም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ ደግሞ መንገዱንም ሆነ ከከተማ ውጭ ያሉትን ቦታዎች በተመለከተ ከመነሣትዎ በፊት እዚሁ የሚኖር ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ የምናውቀውን እንነግርዎታለን።

አጎቴን በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት እንደገና እንዲመጡ ለመንኋቸው። "አንድ ጊዜ የታለለ..." እያሉ ካንገራገሩ በኋላ መጡ። ከጢስ ዓባይ ማዶ ስንቆም ጉሙ ኮታቸውን እስኪያርሰው ድረስ ይረጨን ስለነበር መነጋገር እንኳ አልቻልንም። በኋላ ፈቀቅ ስንል ከኪሳቸው አንዲት ያረጀች አንድ ብር አወጡ፤ ለዚሁ ብለው ይዘዋት ኖሯል። ብሯን ወደ ፏፏቴው ዘርግተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሥዕሉን ከእውነተኛው ጋር ካስተያዩ በኋላ፣ "ሠዓሊው የመጣው በጥቅምት ነው" አሉና አጣጥፈው መልሰው ከተቷት።