ሻይን ከምሳ ያፋታሁበት ጾም

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደም ተመርምሬ ሄሞግሎቢኔ (ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት የደም ፕሮቲን) 10.8 ሆነ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከወረደ የደም ማነስ ነው የሚባለው። ዶክተሯ የብረት ኪኒን አዘዙልኝና «ትጾሚያለሽ?» አሉኝ። «እንዴታ!» አልኳቸው። «እንግዲያው የምትበይውን እያወቅሽ ብዪ» አሉ። በቃ፣ ሥራዬ ያ ሆነ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላልና ቅቤ የለም። እኔ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ በቀን ሁለቴ ብቻ ነው የምበላው። ሰውነት የሚፈልገው ሁሉ በእነዚያ ሁለት ማዕዶች ተጠቅልሎ መግባት አለበት ማለት ነው።

ኃይል ሰጪው ብዙም አላሳሰበኝም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች ሞልቷል። ቅባትም ቢሆን የጾም ወጥ ዘይት ተነፍጎት አያውቅም። እንዲያውም አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ ፕሮቲንም ሆነ ካርቦሃይድሬት ከ4 አያልፉም፤ ስለዚህ እጄን ሰብሰብ አደረግሁ። ግን ዘይቱን ጨርሶ ማስቀረት አይሆንም። የጎመንና የካሮት ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም።

ፕሮቲን ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። ሰውነታችን ጡንቻውንም፣ የደሙንም ሄሞግሎቢን የሚገነባው ከአሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ከፕሮቲን ጡቦች ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ይጠብቃል። ጤፍም ሆነ ስንዴ ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ ምስርና አተር ደግሞ እሱ ሞልቷቸው ሌላው፣ ሜታዮኒን የሚሉት፣ ይጎድላቸዋል። ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ይሞላል። ችግሩ የሽሮው ውፍረት ነው። የአንዳንድ ምግብ ቤት ሽሮ ፈሰስ ዘይትና በርበሬ እንጂ ሽሮ የለበትም ማለት ይቻላል። ለአዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። እኔ 60 ኪሎ ስለሆንኩ 48 ግራም መሆኑ ነው። በቀጭን ሽሮ እዚያ አይደረስም። ስለዚህ ውጭ ስበላ ተጋቢኖ፣ ቤት ሲሆን ምስር ወጥ ወፈር አድርጌ፣ ማታ ማታ ደግሞ የሽምብራ ቆሎ።

ዋናው ጣጣ ብረቱ ነበር። የሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። የእህልና የአትክልቱ ግን አስቸጋሪ ነው፣ አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። «ጤፍ እየበላሽ እንዴት ደም ያንስሻል?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ግን ከፊሉ አውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ያንን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በሌላ በኩል የሊጡ መቡካት ጠቃሚ ነው። እህሉ ውስጥ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል።

ከዚያ ሻይ አለ። ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊያስቀርብን ይችላል። ቡናም ከዚሁ ወገን ነው፣ ትንሽ ቢሻል ነው። የኛ ቢሮ ደግሞ የመጨረሻው ጉርሻ ሳይዋጥ ሻይ የሚታዘዝበት ነው። የእኔን ከአንድ ሰዓት በላይ ገፋሁት። «ሻይ ካልተጠጣ ምኑን ምሳ ሆነ?» እያሉ ሙድ ያዙብኝ። ያዙ!

በሻዩ ቦታ ቃሪያ ገባ። ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ሰውነት ሊወስደው በሚችለው መልክ ይለውጠዋል። ጥሬ ቃሪያ ደግሞ በክብደት ካስተያየነው ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። እሳት ስለሚያጠፋው ጥሬውን መሆን አለበት። ምሳ ዕቃዬ አንድ ዓይነት ሆነ፦ በአንድ በኩል ምስር፣ በሌላው ጎመን፣ ለብቻዋ በትንሽ ዕቃ ቲማቲም ከተከተፈ ቃሪያ ጋር። ሎሚውን ቆርጬ እወስድና እዚያው ቢሮ እጨምቅበታለሁ። ጠዋት ከጨመቁት ቲማቲሙ ውኃ ያወጣና ሰላጣው ይላሽቃል። ኪኒኑንም በውኃ እንጂ በሻይ አልወሰድኩም።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አዮዲን ካነሰ እንቅርት ይመጣል። አዮዲን ያለውን ጨው ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ከፋሲካ በኋላ ስመረመር 12.3 ሆነ። ኪኒኑም ስላለበት ምስጋናውን ሁሉ ለቃሪያ አልሰጥም። ዶክተሯም «ቁጥሩ ተስተካከለ ብለሽ እንዳታቋርጪ» አሉኝ። የተሟጠጠው ክምችት እስኪሞላ ጥቂት ወራት ይፈልጋል።

በጾም ምግብ አዘገጃጀት ምንም ብራቀቅ ያላገኘሁት ቫይታሚን ቢ12 ነው። ደም ለመሥራትም፣ ለነርቭም ያስፈልጋል። በቀን የሚፈለገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ያቺን ግን ምስርም፣ ጎመንም፣ ጤፍም አይሰጧትም። ደግነቱ ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች በአንድ ሁዳዴ አያልቅም። የሚጎዳው ረቡዕና ዓርቡን፣ ፍልሰታና ነቢያቱን ሁሉ እየጾመ በፍስኩም ከሽሮ የማይወጣ ሰው ነው። ስለዚህ እኔ በዓለ ሃምሳን እጠቀምበታለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮግራም ገደማ አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከአንድ በላይ። ዱለት ውስጥ ያለው ጉበት ደግሞ በጥቂቱም የቀኑን አልፎ ይተርፋል።

እማዬ ግን በፍስኩም ሥጋ አታበዛም። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጨጓራ ቢ12ን ከምግብ የማላቀቅ አቅሙ ይቀንሳል። ለእሷ በእንቁላል ብቻ አልተማመንኩም፣ አስመረመርኳት። ቢ12 አንሶ ተገኘና ኪኒን ታዘዘላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ይሄ ነገር የፍስክ ነው እንዴ?» ብላ ነው። ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች እንደሆኑ፣ ፋብሪካም የሚያመርተው በእነሱ እንደሆነ አስረዳኋት። አላመነችኝም፤ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። «መድኃኒትሽን ዋጪ» አሏት።