ጎግል ያላገኘልኝ
ዛሬ ስለ ንብ እርባታ አንድ ነገር ፈልጌ ስልኬ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ያገኘሁት ማስታወቂያና እርስ በርሱ የሚጋጭ ወሬ ብቻ። ሲሰለቸኝ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ባለሙያዋ መልስ አልሰጡኝም። ጠየቁኝ እንጂ። «ቀፎ አለህ ወይስ ልትጀምር ነው? የቸገረህ በሽታ ነው ወይስ ማሩ?» የምፈልገው ምን እንደሆነ ለእኔም የገባኝ ያኔ ነው!

ከዚያ በቀጥታ 638 ቁጥር ያለበት መደርደሪያ ጋ ወሰዱኝ። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጻሕፍት አመዳደብ ዛሬም ይሠራል፤ 630 ግብርና ነው፣ 638 ደግሞ ንብና መሰሎቹ። የፈለግኩት መጽሐፍ አጠገብ ልፈልገው ያላሰብኩት፣ የሚሻል ሌላ አገኘሁ። ስልኬ ይህን አያደርግልኝም።

ተውሼ ስወጣ ባለሙያዋ «ያለፈውን መጽሐፍ አዘግይተህ ነበር የመለስከው» አሉኝ ፈገግ ብለው። ወይ ማፈር! ይህን ግን በጊዜው እመልሳለሁ።