ለእስረኛ ደብዳቤ ስንጽፍ
ዛሬ ዲሴምበር 10፣ የሰብአዊ መብቶች ቀን ነው። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ የአምነስቲ ኢንተርናሽናል የአካባቢ በጎ ፈቃደኞች በየአገሩ ስለ እስረኞች ደብዳቤ ሲጽፉ የሚውሉበት ሰሞን። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸው ግን በጥቃቅን ነገር ነው።

ለባለሥልጣን የሚጻፈው ከአንድ ገጽ አይለፍ። የእስረኛው ስም ድርጅቱ ስለ እርሱ ባዘጋጀው የጉዳይ ወረቀት ላይ እንደሰፈረው ይገልበጥ፤ ጥያቄውም ግልጽ ይሁን፦ "ይፈታ" ወይም "ጠበቃና ሐኪም ያግኝ"። ስድብ ያለበት ደብዳቤ ሳይነበብ ሊጣል ይችላል፤ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይቀራል!

ለእስረኛው የሚላከው ካርድ ሌላ ነው። ጠባቂው ቀድሞ ሊያነበው ስለሚችል ፖለቲካ አይነሳበት፤ መዘዙ የሚተርፈው ለታሳሪው ነው። በእጅ የተጻፈች "አልረሳንህም" የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። ቴምብሩም ለውጭ አገር የሚበቃ መሆኑ ይታይ። የላኪ አድራሻ ይጻፍ አይጻፍ እንደ ጉዳዩ ስለሚለያይ፣ እባካችሁ የጉዳዩን መመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡ።