የፎቶ ወረቀት ሣጥን በአዳማ፦ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ፈተናውን አክብዳችሁ

ቤት ውስጥ ከፊልም ፎቶ የሚያትምበት ጨለማ ክፍል ያበጀ ሰው የፎቶ ወረቀቱ የሚቃጠልበት፣ ማለትም ብርሃን ነክቶት የሚበላሽበት፣ ሥራ መሀል ፓኬቱን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው። ፋብሪካው ጥቁር ከረጢትና ካርቶን አድርጎ ይልከዋል፤ ግን በእርጥብ እጅ ከረጢት ማጠፍና መፍታት ስለማይሆን አፉ ሳይታጠፍ ይቀራል። እኔ ለዚህ የእንጨት ሣጥን አሠራሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እዚህ ጻፍኩት።

አሠራሩ ብዙ ወሬ የለውም። ለ8 በ10 ኢንች ወረቀት ውስጡ 23 በ28 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ይበቃል። እንጨቱ ኮምፔንሳቶ፣ መጋጠሚያው በኮላና በቪቴ፣ የውስጥ ጥጉ ሁሉ በስቱኮ የተደፈነ፣ ከዚያ የማያብለጨልጭ ጥቁር የውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ። አዲስ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ግን ይቅርባችሁ፤ ከሙጫቸው የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ ብርሃን ሳይነካው ወረቀቱን ያበላሻል። የዘይት ቀለምም ሲደርቅ ፐርኦክሳይድ ስለሚያወጣ ያው ነው። የውሃ ቀለሙም ቢሆን ሽታው እስኪጠፋ ክዳኑ ተከፍቶ ሳምንታት ይቆይ።

ዋናው ክዳኑ ነው። አናፂ ሁሉ ሣጥን ሲባል ማጠፊያና ቁልፍ ይታየዋል። ማጠፊያ ከኋላ ክፍተት ይተዋል፤ የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ ስሙ ራሱ ቀዳዳ ነው! ይህን አስረድቼ፣ ሥዕሉንም ሰጥቼ፣ ሣጥኑ ከነማጠፊያው ከነቁልፉ መጣ፤ «ያለ ማጠፊያ አያምርም» ተባልኩ። አስነቅዬ አስደፈንኩት። የሚያስፈልገው ከላይ የሚደፋ፣ በአራቱም ጎን 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ክዳን ነው። ከሣጥኑ ውጭ ዙሪያውን ሊስቴሎ ይመታና የክዳኑ ጠርዝ የሚገባበት ቦይ ይሠራል፤ ቦዩ ውስጥ ጥቁር ከፈይ ይለጠፋል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሁለት ጊዜ እንዲታጠፍ ካስገደዳችሁት በየግድግዳው እየተመታ ይሞታል። ክዳኑ መጣበቅም የለበትም፤ በጣም ከጠበቀ በአንድ እጅ አይነሣም፣ ካልተነሣ ደግሞ ገርበብ አድርጋችሁት ትሠራላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ሣጥን መፈተሻ ተብሎ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ያልተነካ ወረቀት አስገብተህ፣ ሳንቲም አስቀምጠህበት፣ ፀሐይ ላይ አቆይተህ እጠበው፤ ነጭ ከወጣ ሣጥኑ ደህና ነው። ደህና አይደለም። የወረቀቱ የብር ጨው ጥቂት ብርሃን ቢያገኝም እስከ አንድ መጠን ድረስ በዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) አይጠቁርም። ብርሃኑን ግን ይዞ ይቆያል። በኋላ ከኢንላርጀሩ (ፊልሙን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ ከሚያበራው መሣሪያ) የሚመጣው ብርሃን ሲደመርበት ያ የተደበቀው ይወጣል። ስለዚህ ባዶው ወረቀት ነጭ ሆኖ ያልፋል፣ ፎቶው ላይ ግን የነጠላው ነጭ አመድማ ይሆናል፣ ደመናው ይጠፋል፤ ሰውም ዴቨሎፐሩን ይረግማል፣ አሮጌ ወረቀት ሸጡልኝ ይላል።

ትክክለኛው ፈተና አስቀድሞ ብርሃን ባገኘ ወረቀት ነው። ኢንላርጀሩ ላይ ፊልም ሳይገባ፣ ሌንሱን ጠበብ አድርጋችሁ፣ ወረቀቱ ሲታጠብ ፈዘዝ ያለ ግራጫ የሚሰጠውን ሰከንድ ፈልጉ። በዚያ ሰከንድ አንድ ሙሉ ወረቀት አብሩበትና ለሁለት ቁረጡት። አንዱን ግማሽ በፋብሪካው ጥቁር ከረጢት ጠቅልሉ፣ ሌላውን ራቁቱን አድርጉ፣ ሁለቱንም እዚያው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። አብረው የሚገቡት ሙቀቱ እኩል እንዲደርሳቸው ነው፤ ልዩነት ከመጣ ከብርሃን ብቻ ይሆናል። ሣጥኑን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ በየሩብ ሰዓቱ አዙሩት፣ አራቱም መጋጠሚያ ፀሐይ ይይ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ትሪ ውስጥ አንድ ላይ እጠቡ። ፕላስቲክ ለበስ ወረቀት ከሆነ፣ ኢልፎርድ መልቲግሬድ ዴቨሎፐር 1 ለ9 በውሃ ተበጥብጦ በ20 ዲግሪ አንድ ደቂቃ። አዳማ ላይ ውሃው ሞቅ ስለሚል ትሪውን በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው። ራቁቱ ግማሽ ከተጠቀለለው ትንሽም ቢሆን ከጠቆረ ሣጥኑ ብርሃን ያስገባል።

የት እንደሚያስገባ ለማወቅ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡ ዝጉበት፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ ዓይናችሁ አሥር ደቂቃ ይልመድ፣ ከዚያ ዙሩት። ይህ ዘዴ ቀዳዳ ለመፈለግ እንጂ ሣጥኑን ለማሳለፍ አይሆንም። ክፍሉንም በዚያው እዩት፤ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚስማር ቀዳዳ ክብ ብርሃን ወለሉ ላይ ይጥላል፣ ክቡም ከፀሐይዋ ጋር ቦታ ይቀይራል፤ ጠዋት ያልነበረ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ።

ወረቀቱ ከተበላሸ ምክንያቱን ከራሱ አንብቡ። ከጠርዝ ወደ ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ ጥቁረት ከሆነ ብዙ ጊዜ በክዳን ወይም በከረጢት አፍ የገባ ብርሃን ነው። የላይኛው ብቻ ከጠቆረም ብዙ ጊዜ ያው ብርሃን ነው። ከጥቅሉ መሀል የወጣውም ዳር እስከ ዳር እኩል ግራጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሙቀት ወይም እርጅና ነው፤ ሣጥን ማጥበቅ አይረዳውም።

ከውጭ የሚመጣ እሽግ ላይ ደግሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «በብርሃን አይከፈት» ብላችሁ አስለጥፉ። የእኔን ፍተሻ ላይ ከፍተው፣ ጥቁሩን ከረጢት ቀደው፣ «ባዶ ወረቀት ነው» ብለው መለሱልኝ። እንዲህ ከሆነባችሁ ሁሉንም አትጣሉ። ከላይ ያሉት ጥቂቶች የታችኞቹን ይሸፍናሉ፤ ከመሀል አንዱን ፈትኑ፣ ጠርዙ ብቻ ከጠቆረ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። የተቃጠሉት ኢንላርጀሩ ላይ ፎከስ ለመያዣ ያገለግላሉ።

ፍሪጅን በተመለከተ፣ ወረቀት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ከሚለው የአምራቾቹ ምክር በከፊል እለያለሁ። ያልተከፈተ ፓኬት ይግባ፤ ሊሠራበት ሲል ማታውኑ ወጥቶ፣ ሳይከፈት ክፍሉን ይልመድ። የተከፈተውን ግን መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት ቤት ፍሪጅ ውስጥ አላስገባም፤ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ጤዛ ይይዛል፣ ወረቀቱም እርስ በርሱ ይጣበቃል። እኔ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ሥር፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ከሥሩ ሁለት ሊስቴሎ አድርጌ አኖረዋለሁ። ከሚግለው ቆርቆሮ በታች ያለ መደርደሪያ ላይ ሞክሮ የሚያስቀምጥ ሰው ወረቀቱን አይቶ ይፈርዳል። ከፈዩን አቧራ ስለሚሞላው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ከተላጠ ወይም ክዳኑ ከወደቀ የግራጫውን ፈተና እንደገና አድርጉ።