ለአሮጌ ቪትዝ የሰርቪስ ውል፦ 42,000 ብር ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

በቅርቡ የገዛኋት ቶዮታ ቪትዝ የ2008 ሞዴል ናት። ሞተሯ ባለ 1,000 ሲሲና ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ማርሿ አውቶማቲክ ነው። ከጃፓን ከወጣች በኋላ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል። ቆጣሪዋ 138,000 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እኔ ግን በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ እምነት አልጣልኩም። ከእኔ በፊት በየተራ ይዘዋት የቆዩት ሰዎች ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ዕቃ አዲስ እንደሆነ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እንኳ አላቆዩልኝም። የሰርቪስ ውሉ ሐሳብ መጀመሪያ ልቤን የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኳን የማላውቃትን መኪና ከአሁን በኋላ እንኳ በሥርዓት የሚከታተላት ሰው ባገኝላት ብዬ ነበር።

ውሉን ያቀረበልኝ እዚሁ አዳማ ያለ ጋራዥ ነው። በዓመት 42,000 ብር በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ጋራዡ ደግሞ በ12 ወር ወይም በ20,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ቀድሞ የሞላው ተቆጥሮ፣ አራት ጊዜ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ ሁለት ጊዜ የአየር ፊልትሮ፣ አንድ ጊዜ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ይቀይራል፤ አንድ ጊዜም በኮምፒውተር ይመረምራል። የእጅ ዋጋ በውስጡ አለ። ወረቀቱ ባለ ሦስት ገጽ ሲሆን ጥቅሙ ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እኔ ይዤው ወደ ቤት የሄድኩት ግን ለሌሎቹ ሁለት ገጾች ስል ነው።

የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ስለሆነ ጥቅል ዋጋ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማደርገው መበተን ነው። ይኸው ጋራዥ ውል ለሌለው ደንበኛ ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር ከነእጅ ዋጋው 8,500 ብር ይጠይቃል፤ አራት ጊዜ ሲሆን 34,000 ይመጣል። ሦስት ካንዴላ 4,500፣ ሁለት የአየር ፊልትሮ 3,000፣ የኮምፒውተር ምርመራ 1,000። ድምሩ 42,500 ብር ነው። የዓመቱን ገንዘብ አስቀድሜ አስረክቤ የማተርፈው 500 ብር ብቻ ነው ማለት ነው።

ያም አራቱንም ሰርቪስ ከተጠቀምኩ ነው። ቤቴ ፍራንኮ አካባቢ፣ ሥራዬ ወንጂ ነው፤ ደርሶ መልሱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አልፎ አልፎ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ፣ ለዘመድ ጥየቃ ደግሞ አሰላ እወጣለሁ። ሁሉም ተደምሮ በዓመት ከ10,000 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀየር ቢባል ሁለት ጊዜ ይበቃኝ ነበር። እኔ ሦስት ይሁን ብያለሁ፤ ምክንያቱም የእኔ ኪሎ ሜትር ቀላል ኪሎ ሜትር አይደለም። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላት ከተማ ናት፤ ያ ሁሉ ነፋስ አቧራውን ይዞ ነው የሚዞረው። በበጋ ከሸንኮራ እርሻው ዳር ዳር ባለው ኮረኮንች ላይ ከፊቴ የጭነት መኪና ካለ መስኮት ብዘጋም ጥርሴ ላይ አሸዋ ይሰማኛል። የአየር ፊልትሮው ይህን ሁሉ ነው የሚያስቀረው። በዚያ ላይ አጭር ጉዞ አለ፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበትና ነዳጅ ሳይተን ይቀራል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በየአራት ወሩ መቀየሩን እመርጣለሁ። ሦስት ሰርቪስ ከነካንዴላው፣ ከሁለቱ የአየር ፊልትሮዎችና ከምርመራው ጋር 34,000 ብር ይሆናል። ውሉን ብፈርም ለማልጠቀምበት አገልግሎት 8,000 ብር እጨምራለሁ።

ይህን ስነግረው የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ጠንካራ መልስ ሰጠኝ። «እህቴ፣ የምትገዢው ቅናሽ አይደለም፤ የዛሬን ዋጋ ነው» አለኝ። እውነትም ይህ ነጥብ አሳሰበኝ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዘይቱም ፊልትሮውም ካንዴላውም በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁላችንም ያለችንን ይዘን መቆየት ግድ ሆኖብናል፤ ለእነዚህ አሮጌ መኪናዎች የሚሆን ዕቃ ፈላጊው ይቀንሳል ብዬ አልጠብቅም። በመስከረም የከፈልኩት 8,500 ብር በግንቦት 11,000 የሚያወጣ ሰርቪስ ቢገዛልኝ ያ እውነተኛ ጥቅም ነው። ለዚህ ስል 8,000ውን ብር እንኳ ልረሳው ተዘጋጅቼ ነበር።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል አንቀጽ አለ፦ የመለዋወጫ ዕቃ ወይም የዘይት ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ልዩነቱን ደንበኛው ይሸፍናል። አንቀጹን ደጋግሜ አነበብኩት። የዛሬን ዋጋ ይጠብቅልኛል የተባለው ውል ዋጋው በእርግጥ በሚንርበት ቀን አይጠብቀኝም። ዋጋው ቢወርድ ለደንበኛው ይመለሳል የሚል ቃል ደግሞ የትም የለም። ይህ አንቀጽ ባይኖር ምናልባት በዚያው ዕለት እፈርም ነበር።

ቀጥሎ የማይሸፈኑ ዕቃዎች ዝርዝር ይመጣል። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ አሞርዛተር፣ ቴስቲና፣ ኩሽኔታ፣ ራዲያተር፣ የሞተርና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የውስጥ ዕቃ በሙሉ። በዚህ አልተቆጣሁም። የሰርቪስ ውል የታወቀ ሥራን በታወቀ ጊዜ ለማሠራት የሚገባ ውል ነው፤ ለብልሽት ዋስትና አይደለም፤ ኢንሹራንስም አይደለም። ግቢ የሚጠርግ ሰው ቀጥሮ ጣሪያው ሲያፈስ ለምን አልጠገንክም ማለት አይቻልም። የሚያሳዝነኝ ሁለቱን እንድናቀላቅል የሚያደርግ አነጋገር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ውል ስትፈርም «ዓመቱን ሙሉ ሐሳብ የለብሽም» ተብላ ነበር፤ ራዲያተሩ ሲቀደድ ሙሉውን ከኪሷ ከፈለች።

ከዝርዝሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ውሉ የእኔን መኪና አለማወቁ ነው። «በአማራጭ የሚጨመር» በሚለው ሥር የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩ ቫልቮች በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገውን የጎማ ቀበቶ፣ መቀየር በቅናሽ ቀርቦልኛል። የዚህ ቪትዝ ሞተር ግን ታይሚንጉ የሚዞረው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው፤ በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ የለውም። ለሁሉም መኪና አንድ ወረቀት አትመው ስሜንና የሰሌዳ ቁጥሬን ብቻ ሞልተውበታል።

የካምቢዮው ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የእኔ አውቶማቲክ ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ነው። እንደ ተለመደው ካምቢዮ በጥርስ ማርሽ አይቀያይርም፤ ሁለት ፑሊዎች አሉ፤ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይሮጣል፤ ፑሊዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ፍጥነቱ ይለወጣል። ቀበቶው ፑሊውን ሳይንሸራተት እንዲይዝ የሚያደርገው የዘይቱ ግፊትና ጠባይ ስለሆነ ለሲቪቲ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይፈልጋል። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ብረቱ ይፋቃል፤ መጨረሻው ካምቢዮ መቀየር ነው። ካምቢዮ ከተበላሸ ደግሞ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መፈለግ ነው፤ የዚያ ወጪ የብዙ ዓመት ሰርቪስ ይበላል። ታሪኳ ላልታወቀ መኪና ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ዘይት ነበር፤ ውሉ ውስጥ ግን «የካምቢዮ ዘይት ደረጃውን ማየትና እንደ አስፈላጊነቱ መጨመር» ተብሎ ታልፏል። ምን ዓይነት ዘይት? አልተጻፈም። የሞተሩ ዘይትም «ተስማሚ ዘይት» ነው የተባለው፤ የምርቱ ስም የለ፣ ውፍረቱ 5ደብልዩ-30 ይሁን 20ደብልዩ-50 አይታወቅ። እኔ በሥራዬ «ተስማሚ ዕቃ» የሚል ደረሰኝ ቢመጣልኝ አልመዘግበውም።

አባቴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። በወጣትነታቸው ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ይዘው አሰብ ይመላለሱ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቤ እንዳይ ያስገድዱኛል። ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?»

«ዘይቱን የሚቀይረው ማን ነው?» አሉኝ።

«ጋራዡ ነዋ።»

«ጋራዥ እጅ የለውም፣ ልጄ። የትኛው ልጅ ነው የሚቀይረው? እሱን አሳይኝ።»

አብረን ሄድን። ውሉ ሳይፈረም አንድ ሰርቪስ በጥሬ ብር እንዲሠሩልኝ ጠየቅሁ። ለአንድ ወጣት ተሰጠ። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ድጋፍ ገባላት፤ የማፍሰሻው ቡሎን ተፈታና ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወረደ። አባቴ ጎንበስ ብለው ጠብታውን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። «ነዳጅ አልሸተተኝም፣ የብረት ፍቅፋቂም የለበትም» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። ልጁ ቡሎኑን ሊመልስ ሲል የድሮው ሮንዴላ (ዘይት እንዳያፈስ ከቡሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት) በቡሎኑ ላይ እንዳለ ነበር፤ ተጨፍልቆ ስስ ሆኗል። አባቴ አስቆሙት። «ሮንዴላው አዲስ ይሁን። ደግሞ በእጅህ ጀምረህ አስገባው፤ በቧንቧ አርዝመህ አትጥበቀው፤ ጥርሱን ትበላዋለህ።» ልጁ አልተቀየመም፤ «እሺ አባባ» ብሎ ሄዶ አዲስ አመጣ። ከአለቃው ይልቅ እሱን ወደድኩት፤ የሚያሳየው ካገኘ ጎበዝ መካኒክ ይሆናል። ነገር ግን አባቴ ባይኖሩ ያ ሮንዴላ ይመለስ ነበር፤ እኔም ቤቴ ደጃፍ ላይ የዘይት ጠብታ ሳይ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ውሉ ስለ ሥራው ጥራት የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለም፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ለደንበኛው ይሰጥ እንደሆነም አይናገርም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ገንዘቡ አስቀድሞ መከፈሉ ነው። ጋራዡ ያለው በተከራየው ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ነገ ልገንባበት ቢል የቀሩትን ሰርቪሶች ማን ይሠራልኛል? መኪናዋን ብሸጣትስ? ውሉ ለገዢው አይተላለፍም፤ ገንዘቡም አይመለስም ይላል። አሮጌ መኪና ደግሞ በማንኛውም ወር ሊሸጥ የሚችል ንብረት ነው።

ለጊዜው የወሰንኩት እንዲህ ነው። በቀረበልኝ መልክ አልፈርምም። ለሰርቪስ የሚሆነውን 34,000 ብር በ12 ወር አካፍዬ፣ ለብልሽት ደግሞ በየወሩ 2,000 ብር ጨምሬ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ። እኅቴ ዕቁብ ግቢ ብላኝ ነበር፤ ዕቁብ እወዳለሁ፣ የቤቴን ማቀዝቀዣ የገዛሁት በዕቁብ ነው። ለመኪና ብልሽት ግን አይሆንም፤ ዕጣው የሚወጣልኝ ቀንና ራዲያተሩ የሚፈነዳበት ቀን አይገናኙም። ራዲያተሩ ውስጥ የተሞላው ተራ የቧንቧ ውሃ ሆኖ ስላገኘነውም ታጥቦ ኩላንት እንዲገባበት አድርጌያለሁ። ይህም ከውሉ ውጪ ነበር።

በሩን ግን አልዘጋሁትም፤ የማያቋርጥ ክትትል ማግኘት አሁንም እፈልጋለሁ። ለሥራ አስኪያጁ የራሴን ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፦ ሦስት ሰርቪስ፤ የዘይቱ ምርትና ውፍረት በስም ይጻፍ፤ የ10 በመቶው አንቀጽ ይውጣ፤ ክፍያው በሁለት ጊዜ ይሁን፤ አሮጌው ፊልትሮና ካንዴላ በእጄ ይሰጠኝ፤ ሰርቪስ በተደረገ ቁጥር ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ማኅተም ባለበት ደብተር ይመዝገብ። ይህን ከተቀበለ 36,000 ብርም ቢሆን እከፍለዋለሁ፤ ዋጋው ላይ የሚጨመረው 2,000 ብር ለእውነተኛ የዋጋ ዋስትና ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የጋራዡን ባለቤት አነጋግሬ ቅዳሜ እነግርሻለሁ ብሎኛል።

እስከዚያው የሲቪቲ ዘይቱን ለብቻው አስቀይራለሁ። ጣሳው ሳይከፈት ጽሑፉን ራሴ አንብቤ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ቀኑን ከቆጣሪው ንባብ ጋር በአዲሱ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ። አዳማ ውስጥ ሲቪቲ በትክክል የሚያውቅ፣ አፍስሶ የወጣውን ያህል ለክቶ የሚሞላ መካኒክ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አባቴም አብረው ይመጣሉ።