ጄኔቫ የሚባለው መጠጥ

የቃላት ታሪክ ለምትከታተሉ ጓደኞቼ፣ ሰሞኑን የያዝኩትን ቃል ላካፍላችሁ። ቃሉ «ጄኔቫ» ነው። የስዊዘርላንዷን ከተማ ማለቴ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ጄኔቫ ያዘዘ ሰው የሚቀዳለት ጂን የሚባለው አረቄ ነበር።

መነሻው ጥድ ነው። በላቲን ጥድ ዩኒፔሩስ ይባላል። በድሮ ፈረንሳይኛ ዠኔቭር ሆነ፣ ሆላንዶች ደግሞ የኔቨር አሉትና በጥድ ፍሬ የሚያጣፍጡትን አረቄም በዚያው ስም ጠሩት። እንግሊዞች ጋ ሲደርስ ጆሯቸው ወደለመደው ስም ወሰደው። ከተማዋ ከመጠጡ ጋር ምንም ዝምድና የላትም፣ ያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናየው የሐበሻ ጥድም፣ ዝርያው ይለይ እንጂ፣ የዚያው የዩኒፔሩስ ወገን ነው። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቃሉን እንደ ሩቅ ሰው ማየት ትቻለሁ።

ሮተርዳም ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረው ጸሐፊ በርናርድ ማንደቪል በ1714 ላይ፣ ይህ ስም አፍ ላይ ከመብዛቱ የተነሳ ተቆርጦ «ጂን» መባሉን ጽፏል። ለምን በዛ? በ1689 ሆላንዳዊው ዊልያም የእንግሊዝን ዙፋን ያዘ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ስለነበር የፈረንሳይ ብራንዲ እንዳይገባ ተከለከለ፣ በ1690 ደግሞ አረቄ ማውጣት ለማንም ተፈቀደ። ከዚያማ በሱቅ፣ በእጅ ጋሪ፣ በየጓዳው ጄኔቫ ሆነ።

በ1736 መንግሥት ነገሩን ሊያቆመው ፈለገና የመሸጫ ፈቃዱን 50 ፓውንድ አደረገው። ሕዝቡ «ማዳም ጄኔቫ ሞተች» ብሎ ቀብር አወጣላት። መጠጡ ግን የትም አልሄደም፣ «የሴቶች ደስታ» የሚል ዓይነት ስም እየወጣለት በድብቅ ይሸጥ ነበር። በጣም የወደድኩት የአየርላንዳዊውን የደድሊ ብራድስትሪትን ዘዴ ነው። ቤት ተከራየ፣ መስኮቱ ላይ የድመት ምስል ሰቀለ፣ ከመዳፏ ሥር ቱቦ አወጣ። ጠጪው ሳንቲሙን በድመቷ አፍ ይከታል፣ ሰውየው ከውስጥ ቱቦው ላይ ያንቆረቁራል፣ ጂኑ በመዳፏ በኩል ይወርዳል። ሻጩን ያየው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1755 የወጣውን የሳሙኤል ጆንሰንን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለት ቦታ ላይ አነበብኩት። «ጂን» በሚለው ቃል ሥር ከጄኔቫ ያጠረ ነው ይላል፣ አጭር ነው። «ጄኔቫ» በሚለው ቃል ሥር ግን በረጅሙ ያብራራል። የጥድ አረቄ ድሮ በየመድኃኒት ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ ኋላ ሥራው የአረቄ አውጪዎች ሆነ፤ አሁን ከጥድ ፍሬ የሚወጣው የተሻለው ዓይነት ብቻ ሲሆን በብዛት የሚሸጠው ተርፔንታይን ዘይት፣ እኛ አገር ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉት ዓይነት ነገር፣ ከጥቂት ጨውና ከተራ አልኮል ጋር ተደርጎ ነው ይላል። ስሙ ጥድ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ጥድ የለም! ስለ መነሻው ብቻ አንብቤ ብተወው ኖሮ ይህ ያመልጠኝ ነበር። ስለዚህ ምክሬ፣ አንድን ቃል ስትይዙ በየዘመኑ የወጡትን መዝገበ ቃላት በዓመታቸው ቅደም ተከተል አንብቡ። ፍቺው ሲለዋወጥ ታዩታላችሁ።

«ጄኔቫ» በእንግሊዝኛ ቀስ በቀስ ጠፋ፣ የሆላንዱም መጠጥ «ሆላንድስ» ይባል ጀመር። ሆላንዶች ግን የኔቨርን ዛሬም አልተዉትም። ስኪዳም የምትባለው ከተማ በእሱ የታወቀች ናት፣ ለመጠጡ የሚሆነውን እህል ይፈጩ የነበሩት ግዙፍ የንፋስ ወፍጮዎችም እስካሁን ቆመዋል። የጥንቱ አጠጣጥ ደስ ይላል። ትንሿ ብርጭቆ እስከ አፏ ጢም ብላ ትሞላለች፣ ጠጪው እጁን ሳይሰድ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ፉት ይላል።

ቀጥሎ የያዝኩት «አረቄ»ን ነው። በዓረብኛ ዐረቅ ላብ ማለት ነው፣ አረቄ ሲወጣ በጠብታ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ካቲካላንና ዳግምን መዝግቤያለሁ። በየአካባቢያችሁ ሌላ ስም ካለው ጻፉልኝ፣ የየት እንደሆነም ጨምሩበት።