«ሁላችሁም መሐመድ ናችሁ እንዴ?»

ባሕር ማዶ የሚኖር ሐበሻ ሙስሊም ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ዓመት አይሞላውም። ፈረንጁ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ የራሳችን ሰውም እየሳቀ ይጨምርበታል፦ «ሹፌሩ መሐመድ፣ ባለሱቁ መሐመድ፣ ሐኪሙ መሐመድ፤ ስም አለቀባችሁ?»

ጠያቂው ዓይኑ አልዋሸውም። የእንግሊዝና የዌልስ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት እንዳወጣው በ2023 ከተወለዱት ወንዶች 4,661ዱ ሙሐመድ ተብለው ስሙ አንደኛ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ኖህ 4,382 ነው። በ2024 ሙሐመድ 5,721 ደረሰ። ይህን ሰምቶ አገሩ የተወረረ የሚመስለው አለ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ፈረንጅ ጎረቤቱ ያወጣውን ስም ላለመድገም ሲል ልጁን የአትክልት ስም እስከመስጠት ይሄዳል፤ ሙስሊሙ ደግሞ ከፓኪስታን እስከ ሶማሌ ድረስ አንድ ስም ላይ ይረባረባል። በዚያ ላይ መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ስለሚቆጥር ከላይ ያለው ቁጥር የአንዱ አጻጻፍ ብቻ ነው።

ትርጉሙን ለወሎ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። «አልሐምዱሊላህ» ውስጥ ያለው ሐምድ ምስጋና ነው፤ ሙሐመድ ማለት ደጋግሞ የተመሰገነ። አሕመድ፣ ማሕሙድ፣ ሐሚድ፣ ሐምዲ የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ስሙን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያወጡላቸው አያታቸው ዐብዱል ሙጠሊብ እንደነበሩ ይተረካል፤ በዚያን ጊዜ ዐረቢያ ውስጥ ብዙ የሚሰማ ስም አልነበረም። በቁርኣን ሙሐመድ 4 ጊዜ፣ አሕመድ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። እኛ ደግሞ የምንኮራበት ነገር አለን። በ615 አካባቢ ከመካ ሸሽተው ሐበሻ ከገቡት መካከል ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ ነበሩ፤ እዚሁ ከወለዷቸው ልጆች አንዱ ሙሐመድ ይባል እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። እንግዲህ በስደት አገር ልጅን ሙሐመድ ማለት ከእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው።

መከራው የሚጀምረው ሲጻፍ ነው። ዐረብኛው አራት ፊደል ብቻ ይጽፋል፦ ሚም፣ ሓእ፣ ሚም፣ ዳል። አጫጭር አናባቢዎቹና የመካከለኛው ሚም መጥበቅ በአንባቢው አፍ ላይ ነው የሚቀሩት። በግዕዝ ፊደል መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሃመድ እያልን እንደፈለግን እንጽፋለን፤ ማንም ከልካይ የለም። ወደ ላቲን ሲሻገር ግን መጀመሪያው በዩ፣ በኦ ወይም በኢ ሊጻፍ ይችላል፤ ኤሙ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል፤ መጨረሻው በኤ ወይም በኢ። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ነው። በፈረንሳይ የተገዙት አገሮች አንድ ኤም ይበቃቸዋል፤ ሶማሌው ሓእን በኤክስ ይጽፋታል፤ ቱርኩ መህመት ብሎታል፤ ምዕራብ አፍሪካ ማማዱ። ባንግላዴሻዊው አሳጥሮ ኤምዲ ብሎ ስለሚጽፈው፣ የሐኪም ማዕረግም በእንግሊዝኛ ኤምዲ ስለሚባል፣ ሐኪም የሚመስላቸው አሉ። ለኮምፒውተር እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የልደት ካርዱ በአንድ ኤም፣ ፓስፖርቱ በሁለት፣ ዲፕሎማው በዩ የሆነ ሰው ዲፕሎማው የራሱ መሆኑን በመሐላ ሲያስረዳ ይከርማል።

የሚያበግነው ግን የአባት ስም ጣጣ ነው። አሕመድ መሐመድ ዓሊ ፈረንጅ አገር ሲገባ «ሚስተር ዓሊ» ይሆናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቦርከና ማዶ ተሻግረው የማያውቁ አያቱ የጥርስ ቀጠሮ ይያዝላቸዋል፤ የመብራት ሒሳብ ይላክላቸዋል። ቅጹ ሁለት ቦታ ብቻ ካለው ደግሞ አያት ይወድቁና «ሚስተር መሐመድ» ይባላል። ተጠሪው አባቱ ስለሚመስሉት ዝም ብሎ ተቀምጦ ተራው የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ሚስት በአባቷ ስም ትኖራለች፣ ልጆች በሌላ ስም ይመዘገባሉ፤ ድንበር ላይ ብቻዋን ከልጇ ጋር የተገኘች እናት «እውነት ልጅሽ ነው?» ትባላለች። ይህን አፍ የሚያስይዘው የሁለቱም ወላጅ ስም ያለበት የልጁ የልደት ካርድ ስለሆነ ኦርጅናሉን ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ ነው።

ሌላው የልደት ቀን ነው። ቀኑን በወረቀት ማሳየት ያልቻለ ስደተኛ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። ሆስፒታልም ሆነ ባንክ ሰውን የሚለየው በመጀመሪያ በስምና በልደት ቀን ነው። መሐመድ አሕመድ፣ ጃንዋሪ 1 ሲባል በአንድ ከተማ ስንት እንደሚነሳ አስቡት። የአንዱ የደም ውጤት የሌላው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የአንዱ ዕዳ የሌላውን ደጅ ያንኳኳል። ሐኪም ቤት ስትገቡ አድራሻችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ መድኃኒት ከመቀበላችሁ በፊትም ፋይሉ ላይ ያለውን አድራሻ አስነብቡ። አሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ በስም መመሳሰል ሁልጊዜ የሚያስቀሩት ሰው ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አቅርቦ የማስተካከያ ቁጥር ማውጣትና ትኬት ሲቆርጥ ማስገባት ይችላል። ወረፋውን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ገና አገር ቤት ያላችሁ፣ ፓስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ አንድ የላቲን አጻጻፍ ይምረጥ። የወንድማማቾች የአባት ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ነገ አንዱ ሌላውን በቤተሰብ ጥሪ ሊወስድ ሲል የሚታየው ይሄ ነው። የአያት ስም ይግባ። አንድ ስም ብቻ ባለው ፓስፖርት ላይ የአሜሪካ ቪዛ ያንኑ የቤተሰብ ስም አድርጎ የራስን ስም «የማይታወቅ» ብሎ ይጽፋል፤ ዐረብ ኤምሬትስም ከኅዳር 2022 ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ያለውን ፓስፖርት ለጉብኝት ቪዛ አልቀበልም ብላለች። የልደት ቀን ስታስተረጉሙ ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪቀይሩ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ፣ 7 ዓመት ይደመራል፤ ከዚያ ወዲያ 8። ተርጓሚ ሁሉ ይህን አይጠነቀቅም።

ዐረብ አገር የሚሄድ ደግሞ ስም ሊቀየርለት ይችላል። ስም በመቀየር የተጠቀሙ አሉ፤ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ሆነዋል። ደላላ የሚሰጠው ስም ግን ሹመት የለውም። ክርስቲያኑ ልጅ ለቪዛ ሲባል ሙሐመድ ተብሎ ከሄደ፣ ቢታመም ወይም ቢታሰር እናቱ በእውነተኛ ስሙ ኤምባሲ ብትጠይቅ መዝገብ ላይ አታገኘውም፤ የላከው ገንዘብም በሌላ ሰው ስም የተላከ ይሆናል። ሳዑዲ ውስጥ ለነገሩ ስሙ የማይታወቅ ሠራተኛ ሁሉ «ያ ሙሐመድ» ተብሎ ይጠራል፤ ለዚያ ፓስፖርት መቀየር አያስፈልግም።